«ተሸክሜያለሁ» ማለት «አጥፍቻለሁ» ማለት አይደለም

የሰፈራችን ልጅ የሚኒባስ ረዳት ነው። ከሻሸመኔ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ አንድ ሰው ጆንያ ሰጠው፣ «መናኸሪያ የሚቀበልህ አለ» አለው፣ የተለመደውን የዕቃ ሂሳብ ከፍሎት ሄደ። ኬላ ላይ ጆንያው ሲፈታ ከጎመን ሥር ካናቢስ ተገኘ።

እናቱ እኔ ጋ መጡ። «አንተ ተምረሃል፣ ዋሱ ስንት ብር ይሆን?» አሉኝ። የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው ብላቸው «ያው ትምህርት አይደል እንዴ!» አሉ። ከዚያ ወዲህ በልጁ ቀጠሮ ቀን ችሎት እቀመጣለሁ፣ ማታ ሕጉን አነባለሁ። እስካሁን የገባኝ ነገር ቢኖር በአደንዛዥ ዕፅ የተከሰሰ ሰው ቤተሰብ ገንዘቡንም ጭንቀቱንም የሚጨርሰው ዋስትና ላይ መሆኑን ነው። ጉዳዩ የሚወሰነው ግን ሌላ ቦታ ነው።

ዋስትናን ቶሎ ልለፈው። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ (የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር) ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ካለ ዳኛው በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን ያልበለጠ ቀጠሮ ሊሰጠው ይችላል። ስንት ጊዜ የሚለውን ሕጉ በቁጥር አልገደበውም፤ ለእኔ ትልቁ ቀዳዳ ይሄ ነው። ዋስትና መፈቀዱ ደግሞ በተከሰሰበት ንዑስ አንቀጽ ክብደትና ዳኛው «ይጠፋል፣ ምስክር ያባብላል» ብሎ በመስጋት አለመስጋቱ ይወሰናል። ቤተሰብ ሮጦ የሚለውጠው ነገር ትንሽ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ዕፅ ማዘዋወርን የሚቀጣው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ሲሆን ቅጣቱ ከአምስት ዓመት ጽኑ እስራት ይጀምራል። ክሱ ከተነበበ በኋላ ዳኛው «የእምነት ክህደት ቃልህን ስጥ» ይላሉ። የዚያን ቀን ጠዋት ከፍርድ ቤቱ በር ላይ «ጉዳይ እናስፈጽማለን» የሚል አንድ ሰው እናትየውን ይዞ «እመን በሉት፣ ይቀልለታል» እያለ ይመክራቸው ነበር። ሰውየው ሙሉ በሙሉ አልዋሸም፤ ማመንና መጸጸት ቅጣት ሊያቀል ይችላል። ያልነገራቸው ግን ልጁ ካመነ ዐቃቤ ሕግ አንድም ምስክር ሳያሰማ ጥፋተኛ ሊባል እንደሚችል ነው።

ልጁ ተነስቶ «ጆንያውን ጭኛለሁ፣ ምን እንዳለበት ግን አላውቅም» አለ። ዳኛዋ «ክዷል ተብሎ ይመዝገብ» አሉ። እናትየው ክንዴን ያዙኝ። «ልጄ ውሸታም ተባለ?» ቃሉ ነው ያስደነገጣቸው። በእኛ ቤት ቋንቋ የካደ ማለት ወዳጁን የከዳ፣ እውነቱን የሸሸገ ነው። በችሎት ቋንቋ ግን «ዐቃቤ ሕግ ያስረዳ» ማለት ብቻ ነው። ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ የምናውቀው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም «አዎ፣ ግን…» ብሎ በከፊል ያመነን ሰው እንደካደ ቆጥረህ መዝግብ ይላል።

ምክንያቱ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 23 ላይ አለ። ወንጀል ተፈጸመ የሚባለው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች አንድ ላይ ሲሟሉ ነው። ጆንያው እጁ ላይ መገኘቱ ግዙፋዊውን ያሳያል። ማወቁስ? እሱ ሞራላዊው ነው። የሰው ልብ ስለማይታይ ደግሞ ፍርድ ቤት ማወቁን የሚገምተው ከዙሪያው ሁኔታ ነው፦ ሲፈተሽ ሸሸ ወይ? ዕቃውን ከሌላው ለይቶ ደበቀ ወይ? ስንት ተከፈለው?

እዚህ ላይ ኢኮኖሚክሱ ጠቀመኝ። ዋጋ ወሬ ያወጣል። ለአንድ ጆንያ ጎመን የተለመደው ሂሳብ አሥር እጥፍ ተከፍሎት ቢሆን ኖሮ «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ልጁን ይገድለው ነበር። የተከፈለው እንደማንኛውም ዕቃ ከሆነ ግን ይህ ከማንኛውም የጎረቤት «ጨዋ ልጅ ነው» ምስክርነት ይበልጣል። ላኪው ሲከፍል ያየ ተሳፋሪ፣ የተደዋወሉበት የስልክ ዝርዝር (በፍርድ ቤት ትዕዛዝ እንዲቀርብ መጠየቅ ይቻላል)፣ የሌሎች ረዳቶች የዕለት አሠራር፣ ሁሉም ማስረጃ ነው። ግን ቶሎ ካልተያዘ ይጠፋል። ተሳፋሪ ዘመድ አይደለም፣ ወርዶ ይሄዳል።

ከክሱ ጋር የተያያዘውን የማስረጃ ዝርዝር ያነበበ የቤተሰብ ሰው አልነበረም። ማየት የተከሳሹ ሕገ መንግሥታዊ መብት ነው። እኔ ያየሁት በተከላካይ ጠበቃው በኩል ነው፤ አቅም ለሌለውና ያለ ጠበቃ ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። ጠበቃው መጀመሪያ የፈለገው የላቦራቶሪውን ውጤት ነው። የተመረመረው ናሙና በእርግጥ ከዚያ ጆንያ የወጣው ነው? ኬላው ላይ የተመዘነውና ኤግዚቢት ክፍል የገባው ክብደት ይገጥማል? ሲታሸግ ማን ፈረመ? ቀጥሎ ልጁ ለፖሊስ የሰጠውን ቃል አየ። ልጁ የፈረመበትን ወረቀት ሳያነብ ነው የፈረመው። ዝም የማለት መብት እንዳለው፣ የሚናገረው ሁሉ ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል ሊነገረው ይገባል፤ በኃይል የተገኘ ቃል ደግሞ ተቀባይነት የለውም። ማንም አልነካኝም ይላል ልጁ፣ «ቶሎ እንድወጣ ብዬ ነው» እንጂ። ቶሎ ለመውጣት ተብሎ የተፈረመ ወረቀት ስንቱን እንዳቆየ!

የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ተሰምተው ሲያልቁ ብይን ይሰጣል። ማስረጃው ክሱን ካላስረዳ መከላከል ሳያስፈልገው በነጻ ይሰናበታል፣ ካስረዳ «ተከላከል» ይባላል። ይሄኛውንም ቃል ሰው እንደ ፍርድ ነው የሚሰማው፣ እንባ የሚፈሰው ያኔ ነው። ፍርድ አይደለም፤ የራሱ ምስክሮች ተራ ገና መድረሱ ነው።

ለልጁ ሁለት ፖሊሶችና አንድ የፍተሻ ታዛቢ እንዲሰሙ ለቀጣዩ ወር ተቀጥሯል። እናትየው ስለ ዋስ መጠየቅ ትተዋል። ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ እየሄዱ፣ ያን ቀን ከሾፌሩ ኋላ የተቀመጠችውን ነጭ ጋቢ የለበሰች ሴት የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ።