ስልክ የት እንደሚጠፋ የሚናገር ካርታ

ከባሕር ዳር ተነስቶ በወረታና በደብረ ታቦር አድርጎ በመኪና ላሊበላ የሚሄድ ሰው ጋይንትን ሳይረግጥ አያልፍም። ነፋስ መውጫ ላይ ሻይ ይጠጣል፣ ጨጨሆን ተሻግሮ እብስ ይላል። ላሊበላ ሲደርስ ስልኩ በፎቶ ይሞላል። ከጋይንት ግን አንድም የለውም። የሚያይ ነገር ጠፍቶ ሳይሆን፣ «እዚህ ቁም» የሚለው ስላላገኘ ነው።

ሮም ላይ ጎብኚው ኤርፎኑን ሰክቶ፣ ስልኩ ላይ ባለው ካርታ እየተመራ፣ ያለ አስጎብኚ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናትን ይዞራል። የጋይንት ልጆችም እንዲህ ያለ የእግር ጉዞ ካርታ መሥራት አለባቸው ባይ ነኝ። ከዚያ ለስማዳና ለእስቴም ይተርፋል። ግን የሮምን መገልበጥ አያዋጣም፤ የጋይንት ቅርስ ከውጭ ስለማይታይ።

ቤተልሔምን ውሰዱ። ከሩቅ ስታዩዋት እንደ ብዙዎቹ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ክብ ናት። በውስጧ ግን በጥንታዊ አሠራር የታነጸ፣ አራት ማዕዘን የሆነ ሌላ ቤተ ክርስቲያን አለ። ቶማስ ፓከንሃም የተባለው ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1955 ደርሶ ካየ በኋላ ስለሷ በመጽሐፉ ጻፈ። ፈረንጆቹ «ተገኘች» አሉ። ለጋይንት ሰው መቼ ጠፍታ!

ትልቁ ሀብቷ ደግሞ ጭራሽ በዓይን አይታይም። ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ሌላ ቦታ ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር መምህር ለመሆን እዚህ መጥቶ ያስመሰክራል። የዜማው ስልት ራሱ በስሟ ይጠራል። ዙር አምባም ለዝማሬ መዋሥዕት እንደዚያው ናት። ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው እኮ! ስለዚህ ካርታችን ከፎቶ ይልቅ ድምፅ ይፈልጋል፦ መሪጌታው በራሳቸው አንደበት ሲያስረዱ፣ ተማሪው ሲያዜም። ኔትወርክ በሌለበት እንዲሠራም ቀድሞ ስልክ ላይ የሚወርድ ይሁን።

«ቅዱሱን ቦታ የቲክቶክ መድረክ ልታደርጉት ነው?» የሚል አይጠፋም። ስጋቱ ልክ ነው። ንዋየ ቅድሳት የት እንደሚቀመጥ የሚያሳይ ካርታ ደግሞ ለሌባ መንገድ መሪ ነው። መልሱ ግን ካርታውን መተው አይደለም። ጥሩ ካርታ ጫማ የት እንደሚወልቅ፣ መቅረጽ የት እንደሚከለከል፣ ስልክ የት እንደሚጠፋ ይናገራል። የዕቃ ቤቱን ነገር አያነሳም። ያለ ደብሩና ያለ መምህራኑ ፈቃድም አንድ ቃል አይለቅም።

ጥቅሙስ ለማን? ጎብኚው ፎቶውን ይዞ ሄዶ የቆሎ ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ ቁራሽ ፍለጋ የሚዞር ከሆነ ምኑን ሠራነው? ከጉብኝቱ የሚገኘው ገንዘብ መጀመሪያ ለአብነት ትምህርት ቤቱ ይግባ።

«በዚህ የጸጥታ ሁኔታ ማን ሊጎበኝ ነው?» ትሉኝ ይሆናል። ጎብኚው ይቆይ፤ መንገዱ ሲቀና ይመጣል። የሸመገሉ መምህራን ግን አይጠብቁንም። አንድ መምህር ሲያርፉ በቃላቸው የያዙት ታሪክ አብሯቸው ይሄዳል። እዚያው አካባቢ ያላችሁ ልጆች፣ አፕሊኬሽኑ ይቆያችሁ። መጀመሪያ ሂዱና መምህራኑን አስፈቅዱ፤ ከፈቀዱላችሁ ድምፃቸውን ቅረጹ።