ቀጣዩ ቨርሽን የሚሠራው አሁን ነው

የአንድ ሶፍትዌር አዲስ ቨርሽን ሲወጣ ወሬው ለሦስት ቀን ይደምቃል። ቴሌግራም ላይ ሊንኩ ይለጠፋል፣ ዩቲዩብ ላይ «ምን አዲስ ነገር አለው?» የሚል ቪዲዮ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ጸጥ። ኦፕን ሶርስ ለሚባለው፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት ለሆነው ሶፍትዌር ግን ዋናው ሥራ ያለው እዚያ ጸጥታ ውስጥ ነው። ለእንደ ብቸናና ሞጣ ዓይነት ከተሞች ደግሞ ይበልጥ።

ለምን? ከደጀን ተነስቶ በብቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ፣ ሞጣን አልፎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ላይ ሶፍትዌር በብዛት የሚጓዘው በፍላሽ ነው። ላፕቶፕ ሲገዛ አንዴ የተጫነ ክራክ ኦፊስ፣ ማሽኑ እስኪበላሽ ድረስ አፕዴት የሚባል ነገር አያይም። ክራኩ ምን ይዞ እንደመጣ የሚጠይቅም የለም። አንድ ቀን ግን ፍላሹ ሲከፈት ፋይሉ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ይገኛል። የመመረቂያ ጽሑፏን እዚያ ብቻ ያስቀመጠች ተማሪ ያን ጊዜ ምን ትበል?

ሊብሬኦፊስን እንውሰድ። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ጽሑፍ፣ ሠንጠረዥና ፕረዘንቴሽን የሚሠራ ነጻ ፕሮግራም ነው። የአማርኛ ገጽታም አለው። ትልቅ ቨርሽኑ የሚወጣው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪና ኦገስት ነው። በመሐል ግን ስህተት የሚያርሙና የደኅንነት ቀዳዳ የሚደፍኑ ትንንሽ ማሻሻያዎች በየጊዜው ይወጣሉ። ለእነዚህ ማንም ቪዲዮ አይሠራላቸውም። ፋይላችሁን የሚያድኑት ግን እነሱ ናቸው።

ሌላም ነገር አለ። አክቲቬሽን አይጠይቅም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ፕሮግራም ጥቅሙ ምን እንደሆነ ለኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ደግሞም ኮፒ አድርጎ ለጓደኛ መስጠት ሌብነት አይደለም፤ ፈቃዱ ራሱ ይፈቅዳል። አንድ ሰው ከዋናው ድረ ገጽ አንዴ ያውርደው፤ ለዊንዶውስ 350 ሜጋባይት ገደማ ነው። ከዚያ በአንድ ፍላሽ ሰፈሩን ሁሉ ያዳርሳል። ከማይታወቅ ቻናል የወረደውን ግን ተዉት።

ማስተዋወቅ ሲባል አዲስ ቨርሽን መጠበቅ የለብንም። በ2025 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14፣ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ። ኬዲኢን የመሳሰሉ የኦፕን ሶርስ ማኅበረሰቦች ታዲያ «ኤንድ ኦፍ 10» የሚል ዘመቻ ይዘው ወጡ። መልእክቱ ቀላል ነበር፦ ዊንዶውስ 11ን መሸከም የማይችለውን ኮምፒውተር አትጣሉት፣ ሊነክስ ጫኑበት። የሰውን ችግር አይተው እንጂ አዲስ ነገር ስላወጡ አልተናገሩም።

የኛም ችግር ይታወቃል። ዩኒኮድን በማይከተል አሮጌ ፎንት የተጻፈ አማርኛ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፤ እንደ አቢሲኒካ ያሉ ነጻ ፎንቶችም አሉ። ይህን ለአንድ የጽሕፈት ቤት ባለቤት ማሳየት ከመቶ ፖስት ይበልጣል።

እርግጥ ነው፣ ሊብሬኦፊስ እንከን የለሽ አይደለም። በዎርድ የተሠራ ፋይል ሲከፈትበት አንዳንዴ ሠንጠረዡ ይዛባል፣ ገጹ ይንሸራተታል። ይህን ሳይናገሩ «ምርጥ ነው» እያሉ ማስተዋወቅ ሰውን ማታለል ነው፤ የተታለለ ሰው ደግሞ አይመለስም። መፍትሔውን አብራችሁ ንገሩት፦ ለማተም ስትሄዱ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ያዙ፤ ፕሮግራሙ ራሱ ያወጣዋል።

ስልክ ብቻ ነው ያለኝ የምትሉም ሥራ አላችሁ። የአማርኛው ትርጉም የሚሠራው በበጎ ፈቃደኞች ሲሆን የሚጻፈውም ድረ ገጽ ላይ ነው፤ የስልክ ብሮውዘር ይበቃል። «ሴቭ» ለሚለው ቃል ለብቸና መምህር የሚገባውን አማርኛ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? አማርኛ ስትጽፉ ያጋጠማችሁን ስህተትም አስመዝግቡ። ካልተነገረ የሚያርመው የለም። ስለዚህ ሰዓቱ አሁን ነው፣ ወሬ በሌለበት ጊዜ።

ከሞጣ ወዲያ ዓባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ ታውቁታላችሁ። በጣልያን ጊዜ መሐሉ ከተሰበረ በኋላ ሰው ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተሳሳበ ተሻግሮበታል። ያን ሁሉ ጊዜ መንገዱን ያቆየው በሁለቱም ዳር ገመዱን የያዘው ሰው ነው። ዛሬ ማታ ለአንድ ሰው አንድ ፍላሽ ስጡ፣ አጠገቡም ተቀምጣችሁ አሳዩት። ነገ ለሌላው እሱ ያሳያል።