ቀንዳሟን ትል ሳናውቃት አንፍጃት

ክረምቱ ከወጣ ወዲህ በሰፈራችን አንድ ወሬ ይናፈሳል፤ “ስኳር ድንቹ ላይ ቀንድ ያለው ተናዳፊ ትል ወጥቷል” የሚል። አንድ ጎረቤታችን ይህን ሰምተው፣ ትሏንም አይተው፣ ደንግጠው ጓሯቸውን በፍሊት አጠቡት። አጠገቡ ያለው ጎመን ግን ለማግስቱ ምሳ የታሰበ ነበር። ደግነቱ ሽታው ስላስታወቀ ጎመኑ ተደፋ። ባይሸትስ ኖሮ?

ስለዚህ እስቲ ትሏን እንወቃት። አባ ጨጓሬ አይደለችም። አባ ጨጓሬ ጠጉራም ነው፤ የሚያሳክከውም ጠጉሩ ነው። የዚህች ገላ ግን ልሙጥ ነው። ጣት ታህላለች፤ አድጋ ስትጨርስ 9 ሳንቲ ሜትር ያህል ትደርሳለች። መልኳ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሆኖ በጎኗ ሰያፍ መስመሮች አሉ፤ ከኋላዋ አንድ ቀንድ። በድንች ቅጠል ላይ የምትገኘው ዘመዷ ቀንዷ ቆልመም ያለና ሻካራ ነው። ቀንዱ አይናደፍም፤ መርዝም የለው። ኧረ እኛ በጣታችን ነካክተነዋል! ስትደነግጥ ራሷን ቀና አድርጋ ድርቅ ትላለች፤ ፈረንጆች በግብጹ ሐውልት ስም “ስፊንክስ” ያሏት ለዚሁ ነው።

ተምችም አይደለችም። በ2009 ዓ.ም አገራችን የገባው የአሜሪካ ተምች ያስደነገጠን እውነት ነው፤ ነገር ግን እሱ ይበልጥ የሚወደው በቆሎን ነው፣ ርዝመቱም የዚህችን ግማሽ አይሞላም።

ፈላጊ ቅጠሉን ከመግለጡ በፊት መሬቱን ይይ። ከቁንዶ በርበሬ የሚተልቅ ጥቁር ኩስ ከወደቀ፣ ከበላዩም ቅጠሉ አልቆ አገዳው ብቻ ከቀረ፣ እዚያው አለች። መልኳ ከቅጠሉ ጋር አንድ ስለሆነ ዓይን ታታልላለች፤ ከእኛ ይልቅ ልጆች ቶሎ ያገኟታል።

አድጋ አፈር ውስጥ ገብታ የምትወጣው ትልቅ የእሳት ራት ሆና ነው። ምላሷ ከሰውነቷ ይረዝማል። ሲመሻሽ አበባ ፊት አየር ላይ ቆማ የምትቀስመው እሷ ነች። በጎረቤት ኬንያ በተደረገ ጥናት የፓፓያ አበባ ፍሬ እንዲይዝ የሚያደርጉት በተለይ የዚህ ወገን የእሳት ራቶች መሆናቸው ታይቷል። ፓፓያ በየጓሮው ተክለን ትሏን በፍሊት መጨረስ ምን የሚሉት ሥራ ነው?

ቅጠሉን ጎዳችብኝ የሚል በእጁ ለቅሞ አጥር ላይ ወዳለው የዱር ሐረግ ይውሰዳት፤ ሐረጉ የስኳር ድንች ዘመድ ስለሆነ ትበላዋለች። የተጠራጠረም ከነቅጠሏ በጣሳ ይዞ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ብቅ ይበል፤ አብረን እናያታለን።