ያለ አፈር ለሚያድግ አትክልት የሚስማማው የመርጫ አፍ

ከአንባብያን ወገን የሆኑ አንዲት እናት ደብዳቤ ጽፈውልናል። የሚኖሩት በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ስለ ሆነ፣ የጓሮ መሬት የላቸውም። ለጾም ወራት የሚሆን ጎመንና ሰላጣ በበረንዳቸው ለማብቀል አስበው፣ የተክሉ ሥር በጨለማ ሣጥን ውስጥ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ማዳበሪያ ያለበት ውኃ የሚረጭበትን ዕቃ ገዝተዋል። ሻጩ ግን ከሁሉ የረቀቀ ጉም የሚያወጣውን ኖዝል ካልጨመሩበት ከንቱ ነው ብሎ ስለ ነገራቸው፣ ለልጆቻቸው መማሪያ ካስቀመጡት ገንዘብ አንሥተው ይገዙት እንደ ሆነ ይጠይቃሉ። መልሳችን፣ የፓምፑን ኀይል ሳያውቁ አንድ ብር እንኳ አይጨምሩ የሚል ነው።

ይህ ዘዴ ኤሮፖኒክስ ይባላል። ስሙን ያወጣለት በሆላንድ አገር የተወለደው የዕፀዋት ሊቅ ፍሪትስ ዌንት ሲሆን፣ እርሱም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1957 ዓ.ም. የቡናና የቲማቲም ተክል ሥር በአየር ላይ አንጠልጥሎ በጉም ያሳደገ ሰው ነው። ቃሉ በግሪክ ቋንቋ ከአየርና ከሥራ የተገኘ ነው፤ እኛም አየር የምንለው ቃል ከዚያው ከግሪክ ወደ ግእዝ የገባ ስለ ሆነ፣ ስሙ ለጆሮ የሚመስለውን ያህል ባዕድ አይደለም።

ሥር ውኃ ይጠጣል፤ ይተነፍሳልም። ጠብታው ትልቅ ሲሆን ውኃው ሥሩን ሸፍኖ ኦክሲጅን ያሳንሰዋል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ የሚመርጡት ከ50 ማይክሮን የማይበልጥ ጠብታ ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። እንዲህ ያለ ጉም በቅዳሴ ጊዜ ከጽና እንደሚወጣው የዕጣን ጢስ በአየር ላይ ሰፍፎ የሣጥኑን ማእዘን ሁሉ ይሞላል። ከ100 ማይክሮን በላይ የሆነው ግን እንደ ካፊያ ይወርዳል፤ ያገኘውን ሥር ያርሳል፤ ከኋላ የተሸሸገውን ያልፈዋል። በዚህስ ሻጩ አልዋሸም።

ዳሩ ግን ውኃን እስከዚህ ድረስ የሚያደቅቀው ግፊት ነው፤ የኖዝሉ ቀዳዳ ቢጠብ ያለ ግፊት አይረዳም። የጉም ኖዝል በደንብ እንዲሠራ ከ5 እስከ 7 ባር ያህል ያስፈልገዋል። የባርን ልክ ለመረዳት የሕንፃውን ጣራ መመልከት ይበቃል። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ ከታች 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል፤ እንግዲህ በጣራው ላይ ያለው ሮቶ ከምድር ቤቱ ቧንቧ 15 ሜትር ከፍ ያለ ቢሆን፣ ቧንቧው የሚያገኘው አንድ ባር ተኩል ነው። በባልዲ ውስጥ ተጠልቆ ውኃን 3 ሜትር ብቻ የሚያነሣው ትንሽ ፓምፕማ የአንዱን ባር ሢሶ እንኳ አይሞላም። በእርሱ ላይ የከበረው ኖዝል ቢገጠም ይንጠባጠባል እንጂ ጉም አይወጣውም።

የጉም ኖዝል ቀዳዳ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ስለ ሆነ፣ በውኃው ያለ ኖራ፣ ያልሟሟ የማዳበሪያ ጨው፣ ከሥሩ የተበጠሰ ክር ይደፍነዋል። ስለዚህ ከኖዝሉ ቀዳዳ እጅግ የጠበበ ዓይን ያለው ማጣሪያ ከፊቱ መግባት አለበት። የካልሲየም ማዳበሪያም ከሰልፌትና ከፎስፌት ጋር ገና ወፍራም ሳለ ቢቀላቀል ነጭ ዝቃጭ ስለሚሆን፣ እየብቻው በብዙ ውኃ መበጥበጥ ይገባዋል። የተደፈነውን በመርፌ የሚወጉ አሉ፤ ቀዳዳው ይሰፋና ርጭቱ ይጣመማል። ፈትቶ በአቼቶ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ በማግስቱም በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ይሻላል። ከናስ ከተሠራውም የፕላስቲኩ ወይም የማይዝገው ብረት ይመረጣል፤ የማዳበሪያው ውኃ ጥቂት አሲድነት ስላለው ናሱን እየበላ መዳብና ዚንክ ወደ ሥሩ ያወርዳልና።

ሻጭ የማይናገረው ነገር ደግሞ የመብራት መጥፋት ነው። በአፈር ያለ ጎመን ውኃ ቢያጣ ለቀናት ይታገሣል። በአየር ላይ የተንጠለጠለ ሥር ግን በአጠገቡ የሚጠባው እርጥበት ስለሌለው በሰዓታት ውስጥ ይጠወልጋል፤ በሞቃት ቀንማ ከዚያ ይፈጥናል።

ስለዚህ ለእኚህ እናት የምንመክረው ከ1 እስከ 2 ባር የሚበቃውን፣ ቀዳዳው 1 ሚሊሜትር ያህል የሆነውንና ዙሪያውን የሚረጨውን ተራ የመስኖ ኖዝል ነው። ከሣጥኑም ግርጌ ጥቂት ጣት ያህል ውኃ ይተዉ፤ መብራት ሲጠፋ የሥሩ ጫፍ ከዚያ ይጠጣል። ፓምፑ ለዚህም የማይደርስ ከሆነ፣ ውኃውን በተበሳሳ ቧንቧ ከላይ ማፍሰስ ከማይሠራ ኖዝል ይበልጣል። ጎመኑ ጥቂት ቀን ይዘገይ ይሆናል፤ ነገር ግን ዐቢይ ጾም ሲጋመስ ሥሩ ደርቆ አይገኝም።

ልጆቹም እንደ ዲያቆናት ሰሞነኛ ይሁኑ። በሳምንት አንድ ቀን ተረኛው ከየኖዝሉ ሥር ብርጭቆ አኑሮ ለአንድ ደቂቃ ይቅዳ፤ ከሌሎቹ ያነሰ ውኃ የተገኘበት ብርጭቆ መደፈን የጀመረውን ኖዝል ቅጠሉ ሳይጠወልግ ያሳያል። የተደፈነው በአቼቶ ሲያድር ቦታውን የሚይዙ ሁለት ትርፍ ኖዝሎች በመሳቢያ ይኑሩ።