ቋንቋው አንድ፣ ሶኬቱ ሌላ
ከመርከብ ገመድ ለሺሺንዳ ቡና የሚሆን ትምህርት

ሺሺንዳ ባህር የላትም። ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የካፋ የቡና ከተማ ነች። ስለ ጀልባ መሣሪያ የሚያወራ ጽሑፍ እዚያ ምን ይሠራል የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ በሺሺንዳ አካባቢ የተለቀመ ቡና ጅማንና አዲስ አበባን አልፎ ጅቡቲ ሲደርስ የሚጫነው በመርከብ ነው። መርከቡን ከዓለት የሚያድነው ጂፒኤስና ዛሬ የገበሬውን ማሳ የሚለካው ጂፒኤስ ደግሞ የሚያዳምጡት ያንኑ ሳተላይት ነው። ልዩነቱ መርከበኞች ከአርባ ዓመት በፊት መፍታት የጀመሩትን ችግር የእኛ የቡና ገበያ ገና አሁን መጋፈጡ ላይ ነው።

ለመሆኑ ችግሩ ምን ነበር? በአንድ ጀልባ ላይ የውኃውን ጥልቀት፣ ነፋሱን፣ አቅጣጫውንና ጀልባው ያለበትን ቦታ የሚናገሩ መሣሪያዎች አሉ። መሪውን በራሱ የሚይዝም አለ። ቀድሞ እያንዳንዱ ለየብቻው ይሠራ ነበር። መርከበኛው ቁጥሩን ከአንዱ አንብቦ ወደ ሌላው ያስተላልፋል። ለማገናኘት ቢፈልግም አንዱ አምራች የሠራው መሣሪያ የሌላውን ቋንቋ አያውቅም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከአንድ ኩባንያ የገዛ ሰው ቀጣዩንም ከዚያው ለመግዛት ይገደዳል። በኢኮኖሚክስ ትምህርት የመቀየሪያ ወጪ የሚባለው ይህ ነው። ደንበኛው ታማኝ የሚመስለው ወድዶ ሳይሆን መውጫ አጥቶ ነው።

መፍትሔው የመጣው ከመንግሥት አልነበረም። በአሜሪካ የባህር ኤሌክትሮኒክስ ነጋዴዎች እ.ኤ.አ. በ1957 የመሠረቱት ማህበር አለ። በምኅጻሩ ኤንኤምኢኤ ይባላል። ይህ ማህበር እ.ኤ.አ. በ1983 ኤንኤምኢኤ 0183 የተባለውን የጋራ ቋንቋ አወጣ። ነገሩ ቀላል ነበር። አንድ መሣሪያ በሴኮንድ 4,800 ቢት ፍጥነት በጽሑፍ ይናገራል፣ ሌሎቹ ያዳምጣሉ። ትላልቆቹ መርከቦች የሚከተሉት ዓለም አቀፍ ደረጃም ከዚሁ የተቀዳ ነው። ቀጥሎ ኤንኤምኢኤ 2000 መጣ። በዚህኛው ሥርዓት አንድ ዋና ገመድ በጀልባው ርዝመት ይዘረጋል፤ በሁለቱ ጫፎቹ የ120 ኦም ሬዚስተር ይታሰራል፤ እያንዳንዱ መሣሪያም ከመካከል ይቀጠላል። የመልእክት አሠራሩ የጀርመኑ ቦሽ ለመኪና ከፈጠረው የተወሰደ ሲሆን ፍጥነቱ በሴኮንድ 250,000 ቢት ነው።

የቴክኒኩን ዝርዝር ለባለሙያው እንተወውና ገበያው ላይ ያመጣውን ለውጥ እንመልከት። ገዢው ኮምፓሱን ከአንዱ፣ ስክሪኑን ከሌላው መግዛት ቻለ። አምራቹም ደንበኛውን በገመድ ሳይሆን በጥራትና በዋጋ መያዝ ግድ ሆነበት።

ታሪኩ ግን እዚህ ላይ አላበቃም። አንዳንድ አምራቾች የጋራውን ቋንቋ ከተቀበሉ በኋላ የራሳቸውን ሶኬት አወጡ። ሲምራድ ሲምኔት የሚባል፣ ሬይማሪን ሲቶክ ኤንጂ የሚባል ነበራቸው። በገመዱ ውስጥ የሚያልፈው ንግግር ያው ሆኖ ጫፉ ግን አይገጥምም። ገዢው አስማሚ ካልገዛ አይገናኝም። ወደ ሺሺንዳ የሚመልሰን ይህ ነጥብ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ሕግ፣ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 ወዲህ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። አስመጪው ቡናው የበቀለበትን ማሳ ኬክሮስና ኬንትሮስ እንዲያቀርብ ያዛል። ማሳው ከ4 ሄክታር ካልበለጠ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ ከበለጠ ዙሪያው ሁሉ መለካት አለበት። የተፈጻሚነቱ ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ለትላልቅና ለመካከለኛ ድርጅቶች ዲሴምበር 30 ቀን 2026 ተብሏል። ጀርመን ከቡናችን ዋነኛ ገዢዎች አንዷ በመሆኗ ጉዳዩ ለካፋ ሩቅ አይደለም።

ለአውሮፓ የሚቀርበው የፋይል ዓይነት የታወቀ ነው። ቋንቋው አንድ ነው ማለት ነው። ሶኬቱ የማን ነው? የሚለው ግን መልስ ይፈልጋል።

በሺሺንዳ አንዲት ሁለት ሄክታር የቡና ማሳ ያላት ገበሬ እንውሰድ። አንድ ላኪ ሠራተኛ ልኮ ማሳዋን በስልክ ለካ እንበል። ቁጥሩ ላኪው ኮምፒዩተር ውስጥ ገባ፤ በእርሷ እጅ ግን ምንም ወረቀት አልቀረም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ላኪ፣ ወይም የኅብረት ሥራ ዩኒየኑ፣ በኪሎ የተሻለ ዋጋ ይዞ ቢመጣ ምን ትላለች? ማሳዋ ያልተለካ ነውና ለአውሮፓ የሚሆን ቡና አይደለም። እንደገና ይለካ ቢባል ደግሞ ወጪውን የሚሸፍነው በዋጋው ላይ የሚቀነስ ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የቡና ግብይት አዋጅ ቁጥር 1051 ላኪና አምራች በቀጥታ እንዲተሳሰሩ በር ከፍቷል። ትስስሩ መልካም ነው። ቁጥሩ በአንድ ወገን እጅ ብቻ ከቀረ ግን ትስስር መሆኑ ቀርቶ እስር ይሆናል።

ላኪዎች የሚያነሱት መከራከሪያ አለ፤ ሊናቅም አይገባም። ለሠራተኛው አበል፣ ለመኪናው ነዳጅ የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ ባዶ እጁን የመጣ ተወዳዳሪዬ በነፃ ለምን ይጠቀምበታል? ይላሉ። እውነት አላቸው። ያለምንም ካሳ ስጡ ቢባል ነገ ሩቅ ቀበሌ ድረስ ሄዶ የሚለካ አይገኝም። ነገር ግን የኤንኤምኢኤ ቋንቋም በነፃ አልተገኘም። ማህበሩ ሰነዱን ይሸጣል፤ መሣሪያ እየመረመረም ምስክር ወረቀት ይሰጣል። ወጪው ለተጠቃሚዎቹ ይከፋፈላል እንጂ ጀልባው ላይ ያለው ገዢ ታስሮ አይቀርም።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ስህተት ነው። መሣሪያዎች ሲገናኙ የአንዱ ስህተት የሁሉም ይሆናል። ጂፒኤሱ የተሳሳተ ቦታ ከተናገረ ስክሪኑም መሪውን የያዘው መሣሪያም ያምኑታል። በሜይ 2025 ኤምኤስሲ አንቶኒያ የተባለች የኮንቴይነር መርከብ ጂዳ አቅራቢያ በቀይ ባህር ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ ተቀመጠች፤ የባህር ትራንስፖርት ተንታኞችም ምክንያቱ የጂፒኤስ ረብሻ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል። ጠንቃቃ መርከበኛ ስለዚህ በራዳርና በዓይኑ ያመሳክራል።

የሺሺንዳው ስህተት ከዚህ ይቀላል፤ ዋጋው ግን ለባለማሳዋ ያው ነው። ስልኮቻችን አብዛኛውን ጊዜ ኬክሮስን ያስቀድማሉ፤ ለአውሮፓ የሚላከው ጂኦጄሰን የተባለ ፋይል ደግሞ ኬንትሮስን ያስቀድማል። አካባቢው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ፣ በምሥራቅ 36 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ጸሐፊው ሁለቱን ካቀያየረ ማሳው ሰሜን አልጄሪያ ውስጥ ይገኛል። በዚያ ላይ በዛፍ ጥላ ሥር ጂፒኤስ ይደነባበራል፤ ነጥቡ ከማሳው ወጥቶ ከጎረቤት የተመነጠረ መሬት ላይ ቢያርፍ ደን ጠባቂዋ ገበሬ እንደ መንጣሪ ትቆጠራለች። ወረቀቱ በእጇ ከሌለ ስህተቱን ማን ያያል?

በመሆኑም የሚከተለው ቢደረግ ይበጃል። አንደኛ፣ ማሳውን የለካ ሁሉ ቁጥሩን በወረቀት አትሞ ለባለይዞታው ይስጥ፤ ከይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ጋር ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ለመጀመሪያው ለኪ ቀጣዩ ገዢ የተወሰነ ክፍያ ይክፈለው፤ ክፍያው ከሁለት የቡና ወቅት አይለፍ። ሦስተኛ፣ ነጥቡ ከመላኩ በፊት ድንበርተኞችና የቀበሌው የመሬት ሠራተኛ ባሉበት ይመሳከር። ይህን ለማስጀመር ሁሉንም ነገር ከኢትዮጵያ ቡናና ሻይ ባለሥልጣን መጠበቅ አያስፈልግም። ላኪዎችና ዩኒየኖች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ ባለሥልጣኑ የተስማሙበትን ለማጽደቅ አይቸገርም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ድሩ ግን ገበሬዋን እንዳያስር ጫፉ በእጇ ይሁን።