ፈረስ ከትኩሳት ሲነሳ

ፈረስ ይታሻል ሲባል የሚስቅ አይጠፋም። ሰው ራሱ ወጌሻ ፍለጋ በሚንከራተትበት አገር ፈረስ ምን ቆርጦት ማሳጅ ያምረዋል? በአሜሪካና በአውሮፓ ግን ነገሩ እንጀራ የሚበላበት ሙያ ከሆነ ቆይቷል። አሜሪካዊው ጃክ ሚገር ፈረሶችን ሲያሽ የቀሰመውን እ.ኤ.አ. በ1985 በመጽሐፍ አሳትሟል። እኔን የሚያከራክረኝ ለውድድር የሚታሸው ፈረስ አይደለም፤ ተላላፊ በሽታ ጥሎት የተነሳው ነው። መታሸት ሕመሙን ያባርርለታል የሚሉ አሉና።

አያባርርለትም። ባክቴሪያም ቫይረስም በእሽት አይሞቱም። ሙያውን የሚያውቅ ሰው እጁን ከማሳረፉ በፊት ሙቀቱን ይለካል፤ ያደገ ፈረስ ከ38.5 ዲግሪ ካለፈ ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል።

እጅ የሚጠቅመው ትኩሳቱ ከበረደ በኋላ ነው። ስትራንግልስ የሚባለውን በሽታ ውሰዱ። መንጋጋ ሥር ያለው ንፍፊት ያብጣል፣ ይመግላል፣ ይፈነዳል። ፈረሱ መዋጥ ያቅተዋል፤ ለሌሎቹ እንዳያስተላልፍም ለብቻው ተለይቶ ሳምንታት ይከርማል። ሲነሳ ጀርባውና ታፋው መንምኖ እግሮቹ ግን አብጠው ይገኛሉ። የፈረስ እግር ከጉልበት በታች ጅማትና አጥንት እንጂ ጡንቻ የለውም ማለት ይቻላል። ፈሳሹን ወደ ላይ የሚገፋው እንቅስቃሴ ነው፤ ሰኮናው መሬት በረገጠ ቁጥር ይገፋል፣ ቆሞ ሲውል እዚያው ይጠራቀማል። ከታች ወደ ላይ በስሱ የሚሄድ እጅ ያግዘዋል። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ሐኪም ከፈቀደ፣ በልጓም ይዞ ጥቂት ማንሸራሸር ከየትኛውም እሽት ይበልጣል፤ ገንዘብም አያስወጣም። እብጠቱ በድንገት ከመጣና ከባድ ከሆነ ደግሞ የደም ሥር መቆጣት ሊሆን ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም እንጂ ወጌሻ አይጠራለትም።

ታዲያ ለምን ይታሻል? ደስ ስለሚለው። ይህን ማቃለል አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ አንድ ጥናት ፈረሶች እርስ በርስ የሚተካከኩበትን ቦታ፣ ከጋማው ግርጌ ጫንቃው አካባቢ ያለውን፣ ሰው በእጁ ሲያክላቸው የልብ ምታቸው እንደሚቀንስ አሳይቷል። መሣሪያ ባይኖርም ያስታውቃል፤ አንገቱ ዝቅ ይላል፣ የታችኛው ከንፈሩ ይንጠለጠላል፣ ዓይኑ ይከደን ይከደን ይላል። ሌላም ጥቅም አለው። በየቀኑ የሚዳብስ እጅ ከዓይን ቀድሞ ትኩስ ቦታ፣ አዲስ እባጭ፣ ኮርቻ የላጠው ቆዳ ያገኛል።

ያው እጅ በሽታም ይዞ ይዞራል። ከስትራንግልስ ድኗል የተባለ ፈረስ ባክቴሪያውን ጉሮሮው አጠገብ ባሉ ከረጢቶች ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሊሸከም ይችላል። ከአንዱ ጋጣ ወደ ሌላው የሚሄድ ወጌሻ እጁን ካልታጠበና ልብሱን ካልቀየረ ባይመጣ ይሻላል።

ወደ እኛ የጋሪ ፈረስ ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ የሚባል በፈንገስ የሚመጣ በሽታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት በአገራችን 28 ከተሞች 19,082 የጋሪ ፈረሶችን መርምሮ በ18.8 በመቶዎቹ ላይ በሽታውን አግኝቷል፤ ሞጆ ላይ 39 በመቶ ደርሷል። እባጮቹ በሊምፍ መስመር ላይ እንደ መቁጠሪያ ይደረደራሉ፤ ከዚያ እየፈነዱ መግል ያወጣሉ። ይህንን ማሸት መግሉን ወደ ጤነኛ ቆዳ መቀባት፣ ከዚያም ለጎረቤት ፈረስ ማድረስ ነው። የሚያስተላልፈው እጅ ብቻም አይደለም፤ ብሩሽ፣ ዝንብና ቁስል ላይ የሚያርፍ የጋሪ ዕቃ ሁሉ መንገዱ ነው።

ቢሾፍቱ ላይ አንድ ባለጋሪ ፈረሱን ውኃ ሲያጠጣ አግኝቼ የፈረንጆቹን ማሳጅ ብነግረው ከልቡ ሳቀ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ እኔን ማን ያሸኛል?» አለኝ። ፈረሱ ባለፈው ሳምንት ሳል ይዞት ነበር፤ አሁን ጥሩ ነው አለ፤ ጋሪው ላይ አራት ኩንታል ተጭኗል።

ከጉንፋን ለሚነሳ ፈረስ ሐኪሞች የሚመክሩት ለእያንዳንዱ የትኩሳት ቀን አንድ ሳምንት ዕረፍት ነው፤ ከሦስት ሳምንት እንዳያንስም ያስጠነቅቃሉ። «የአፍሪካ የፈረስ በሽታ» በሚባለው ተይዞ ከሞት የተረፈ ደግሞ ቀላል ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ አራት ሳምንት ይፈልጋል። የዚህኛው ክትባት እዚያው ቢሾፍቱ፣ ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ውስጥ ይመረታል። ዕረፍት ግን የሚያመርት የለም። ለባለጋሪው ሦስት ሳምንት ማለት የቤት ኪራይ፣ የልጆች ደብተር፣ የፈረሱም የራሱ ድርቆሽና ፉርሽካ ነው። ፈረሱ ሳይድን ጋሪ ላይ የሚጠመደው ጌታው ጨካኝ ስለሆነ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ከማሳጅ ሥልጠና በፊት አንድ ነገር ቢሞከር እላለሁ። ባለጋሪዎች ዕቁብ መጣልና ዕድር መግባት ማንም አላስተማራቸውም። በዚያው ደንብ ከየቀኑ ገቢ ጥቂት ጥቂት ብር ለታመመ ፈረስ ቢቀመጥ፣ ሐኪም «ይረፍ» ብሎ የጻፈለት ፈረስ ጌታ በእነዚያ ሳምንታት የዕለት ወጪው ቢሸፈንለት፣ የከተማው አስተዳደርም ከጋሪ ከሚሰበስበው ክፍያ ቢጨምርበት፣ ፈረሱ ሣር ላይ ይከርማል። ያን ጊዜ ባለጋሪው ማታ ማታ ከጋማው ሥር ቢያክለት እሰየው።