ሞተሩ የተጎዳ አውቶሞቢል ሳያዩ ስለ መግዛት

ንግድ ያለ እምነት እንደማይካሄድ የማያውቅ ነጋዴ የለም። ከውጭ አገር ዕቃ የሚያስመጣ ሰው ከሚገዛው አብዛኛውን በዐይኑ ሳያይ፣ በናሙናና በደብዳቤ፣ በባንክ ሰነድና በመርከብ ደረሰኝ ተማምኖ ይገዛል። ስለዚህ «ያላያችሁትን አትግዙ» የሚለው ምክር ለዚህ ሳምንታዊ ጋዜጣ አንባቢዎች የሚሰጥ ምክር አይደለም፤ ሥራችሁን ተዉ እንደ ማለት ይሆናልና። እኔ ዛሬ የምጽፈው ከዚያ ጠበብ ስላለ ነገር ነው፤ ይኸውም ጉዳት እንዳለበት በግልጽ የተነገረለት፣ ነገር ግን የጉዳቱ መጠን ያልታወቀ ዕቃ ዋጋው በምን ሊተመን ይገባዋል የሚለው ነው።

ለጽሑፌ ምክንያት የሆነኝ በአሜሪካ በቨርጂኒያ የሸቀጥ መደብር ያለው የአክስቴ ልጅ ነው። በመደብሩ የሚገባውን ዕቃ ካርቶኑን ሳይከፍት የማይረከብ ጠንቃቃ ሰው ነው። ይኸው ሰው ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲመኘው የኖረውን ፖርሽ ቦክስተር የተባለውን ባለ ሁለት መቀመጫ የስፖርት አውቶሞቢል፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2002 የተሠራውን፣ ከሌላ ስቴት በፎቶግራፍ ብቻ አይቶ ገዛ። ሻጩ ነገሩን አልደበቀም፤ «ሞተሩ ድምፅ አለው፤ ከቆመ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ቀላል ነገር ሳይሆን አይቀርም» ሲል በጽሑፍ አስታውቋል። ዋጋውም ደኅናው ከሚያወጣው ግማሽ ያህል ነበር። የአክስቴ ልጅ ደውሎ ሲያበሥረኝ «ጋሼ፣ ሰውዬው እኮ እውነተኛ ነው፤ ጉድለቱን ራሱ ነው የነገረኝ» አለኝ።

ስሕተቱ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። ሻጭ ጉድለቱን በአፉ ሲናገር የገዥ ልብ ይለሰልሳል። ነገር ግን የተነገረው ቃል የሚጠብቀው ሻጩን እንጂ ገዥውን አይደለም። «ድምፅ አለው» የሚለው ቃል ከላላ ቀበቶ ጀምሮ እስከ ተሰበረ ቢዬላ ድረስ ያለውን ሁሉ ይሸፍናል። በአሜሪካ የንግድ ሕግ ዕቃን «ባለበት ሁኔታ» ብሎ መሸጥ የተፈቀደ ነው፤ በጀርመን አገርም በያገለገሉ መኪናዎች ማስታወቂያ ላይ «ሞቶርሻደን»፣ ማለትም የሞተር ጉዳት፣ የምትል አንዲት ቃል ብቻ ተጽፋ ትገኛለች። የእኛም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለዕቃው ጉድለት ዋስ ሲያደርገው፣ ገዥው ውሉን ሲዋዋል አስቀድሞ ያወቀውን ጉድለት ግን ከዋስትናው ያወጣዋል። በሰነድ መክፈቻ ደብዳቤ የሚነግድ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ባንኩ የሚመረምረው ወረቀቱን እንጂ በከረጢቱ ውስጥ ያለውን አይደለምና።

ስለ ሞተሩ ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። በዚህ ዓይነቱ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ውስጥ ዙሩን በሰንሰለት ተቀብሎ ቫልቮችን ወደሚከፍቱትና ወደሚዘጉት ዘንጎች የሚያደርስ አንድ መካከለኛ ዘንግ አለ። ዘንጉ በአንድ ጫፉ የሚሽከረከረው በአንዲት ኩሽኔታ ላይ ሲሆን፣ ኩሽኔታዋም ግራሶዋ ከውስጥ ታሽጎ የተሠራች ናት። ማሸጊያዋ ሲደክም የሞተር ዘይት ገብቶ ግራሶውን ያጥበዋል። ኩሽኔታዋ የተሰበረች እንደ ሆነ የቫልቮቹና የፒስቶኖቹ ስምምነት ይፈርሳል፤ ቫልቭ ከፒስቶን ይጋጫል፤ የብረቱም ብናኝ ከዘይቱ ጋር በሞተሩ ውስጥ ሁሉ ይዞራል። ሳትሰበር ከተደረሰባት ግን፣ እስከ 2005 በተሠሩት ላይ፣ ካምቢዮው ወርዶ ፍሪሲዮን በሚለወጥበት ጊዜ ሞተሩ ሳይከፈት ልትለወጥ ትችላለች። እንግዲህ ያው አንድ ድምፅ አነስተኛ ሥራ ወይም የሞተሩ ሞት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በአሜሪካ ከ2001 እስከ 2005 የተሠሩትን በሚመለከት ባለቤቶቹ በኅብረት ከስሰው ጉዳዩ በስምምነት አልቋል፤ የስምምነቱም የጊዜ ገደብ ካለፈ ቆይቷል። (በዚያው ዘመን የተሠራው 911 ቱርቦ ሌላ ዓይነት ሞተር ስላለው ይህ ሕመም አይነካውም። የመኪና ስም ስለ ሞተሩ በቂ ማስረጃ አይደለም።)

አሁን ወደ ዋጋው ልመለስ። ለስሌት እንዲመች ደኅናው መኪና መቶ ያወጣል፤ የተጎዳው በሃምሳ ቀረበ እንበል። ገዥ በልቡ «ማሠሪያው ሃያ ቢፈጅ ሠላሳ ይተርፈኛል» ይላል። ሃያውን ከየት አገኘው? «ቀላል ነገር ሳይሆን አይቀርም» ከምትለው የሻጩ ቃል ነው። መካኒክ ያልጻፈው፣ ማንም ያልፈረመበት ቁጥር ነው። በእኔ አስተያየት ሳይታይ የሚገዛ የተጎዳ ሞተር ሊተመን የሚገባው በዜሮ ነው። ከመቶው ላይ የሌላ ሞተር ዋጋ፣ የማውረጃና የመግጠሚያ የእጅ ዋጋ፣ እንዲሁም በራሱ ኀይል ጭነት ላይ የማይወጣ መኪና የሚጠይቀው የማጓጓዣ ኪራይ ይቀነስ፤ ለድካምና ላልታሰበ ወጪም ጥቂት ይቀነስ። የሚቀረው የመጨረሻው ዋጋ ነው። ሞተሩ ሲከፈት ደኅና ነገር ቢገኝበት ያ ለገዥው ትርፍ ነው።

በዚህ ዋጋ የሚሸጥ የለም የሚለኝ ይኖራል። አለመሸጥ መብቱ ነው። ነገር ግን ሻጩ ራሱ ጉዳቱ ትንሽ መሆኑን ቢያምን ኖሮ በትንሽ ገንዘብ አሠርቶ በመቶ ይሸጠው ነበር፤ ሃምሳውን ለማያውቀው ሰው የሚተውበት ምክንያት ሊመረመር ይገባል። አንዳንድ ጊዜ በእርግጥ እውነተኛ ምክንያት አለ፤ ሰው አገር ይለቃል፤ ወራሾች ንብረት ለመካፈል ይቸኩላሉ። እንዲህ ያለው ሻጭ ግን ገዥው የሚልከው መካኒክ ዘይቱን ቢያፈስና የዘይቱን ፊልትሮ ቀዶ ቢመለከት አይከፋውም። በፊልትሮው ውስጥ የሚያብለጨልጭ ብናኝ መኖሩንና አለመኖሩን ለማወቅ ብዙ ሰዓት አይፈጅም፤ የመካኒኩም ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላም ነገር አለ። ለምትክ ተብሎ ከአሮጌ መኪና የወጣ ሞተር ሲታዘዝ ያም ራሱ ሳያዩ የሚገዙት ሁለተኛ ዕቃ ይሆናል። ታድሶ የሚሸጠውን ሞተር የመረጡ እንደ ሆነ ደግሞ አዳሾቹ አሮጌውን በልዋጭ ይጠይቃሉ፤ የአሮጌው አካል ተበስቶ ወይም ተሰንጥቆ ከሆነ ልዋጭነቱን አይቀበሉትም፤ ገዥውም ልዩነቱን በጥሬ ገንዘብ ይከፍላል። ስለዚህ ሻጩ ስለ ድምፁ ከመጠየቁ በፊት የሞተሩ አካል ደኅና ስለ መሆኑና ሞተሩ በእጅ ሲያዞሩት ስለ መዞሩ ቢጠየቅ ይሻላል። ተፈትቶ በካርቶን ውስጥ የተቀመጠ ሞተር ከሆነ እኔ አልገዛም፤ ከጎደለው ቁራጭ ይልቅ መጉደሉን ለማወቅ የሚያልፈው ጊዜ ይከብዳልና።

በአገራችን ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፣ እንዲህ ያለ መኪና ወደ አዲስ አበባ ለማስመጣት የሚያስብ አንባቢ አይኖርም። ነገር ግን ያገለገለ ጄኔሬተር ወይም የፋብሪካ መሣሪያ በፎቶግራፍ አይቶ የሚያዝ ነጋዴ ያው ሂሳብ ይጠብቀዋል። ሶማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው መካኒኩን አስከትሎ ይሄዳል፤ ዘይት መሙያውን ከፍቶ ያያል፤ ይነካል፤ ያሸታል። ያው ሰው ባሕር ማዶ ላለ ዕቃ ይህን ሁሉ በአንድ ፎቶግራፍ ሲለውጠው አይቻለሁ።

የአክስቴ ልጅ መኪና በጭነት ተሳቦ ቨርጂኒያ ደረሰ። የጋራዡ ባለቤት ፊልትሮውን ቀዶ በነጭ ጨርቅ ላይ ሲዘረጋው ጨርቁ በብረት ብናኝ ተሸፈነ። የሌላ ሞተር ዋጋ ተጠይቆ ሲደመር ከደኅናው መኪና ዋጋ በለጠ። መኪናው ከመደብሩ ኋላ ሸራ ለብሶ ክረምቱን ካሳለፈ በኋላ ባለቤቱ ሊሸጠው ቆርጦ ባለፈው ሳምንት ያዘጋጀውን ማስታወቂያ በስልክ አነበበልኝ። ስለ ቀለሙ፣ ስለ መቀመጫው ቆዳ፣ ስለ ጎማዎቹ በሰፊው ጽፏል። ስለ ሞተሩ የጻፈው «ድምፅ አለው» የሚል ብቻ ነው። የፊልትሮውን ፎቶግራፍ አብረህ አውጣ፤ ዋጋውንም ሞተር እንደሌለው መኪና ቁረጠው አልኩት። «እንዲያ ከሆነማ ጋሼ፣ የከፈልኩትን ሲሶ እንኳ አላገኝም» አለኝ። ማስታወቂያውን እስከ ዛሬ አላወጣውም።